መርከቡ መኪናውንም ይውጠዋል

ማክሰኞ፣ ኅዳር 3

አልሄድም አልኳት። ስልኩን ለተከራዬ ለመምህርቷ መልሼ ሰጠኋትና ወጥቼ ደጃፉ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ።

መኪናው መርከብ ውስጥ ይገባል ትለኛለች። መርከቡ አፉን ይከፍታል፣ መኪኖቹ ተራ ይዘው ይገቡለታል፣ አፉን ይዘጋል፣ ከዚያ ባሕሩ ላይ ይሄዳል። ይህን የምትለኝ ሌላ ሰው አይደለችም፣ የገዛ ልጄ አዝመራ ናት። ወንድሟን ባሕር የበላባት።

«ሃያ ደቂቃ ነው አባ፣ ሳያውቁት ያልፋል» አለች።

ለመስጠም ሃያ ደቂቃ መች ያንሳል? አልኳት። ዝም አለች። ዝም ማለቷ አናደደኝ። አልሄድም ያልኩት ያኔ ነው።

ነገሩን በሥርዓቱ ልጻፈው። በስልክ የሰማሁት ስልኩ ሲዘጋ ግማሹ ይጠፋኛል። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፣ ያውም እየተገፋሁ። እጄ ለመዶሻ እንጂ ለብዕር አልተሠራም። ቢሆንም ማንም አይጽፍልኝም፣ እኔው እጽፋለሁ።

አዝመራ ጣሊያን አገር ናት። ታናሿ አራጋው እሷን ብሎ ወጣ። ስምንት ዓመት ሆነው። ሱዳን፣ ከዚያ ሊቢያ፣ ከዚያ ባሕር። ጀልባው ተገለበጠ። ባሕሩ የተፋቸውን ሰዎች ሲሲሊያ የሚባል ደሴት ላይ ቀበሯቸው፤ አንዱን እዚህ ከተማ፣ ሌላውን እዚያ፣ ቦታ በተገኘበት። አራጋው የትኛው ከተማ እንዳለ አይታወቅም። አሁን የአዝመራ ወረቀት ተስተካከለ፣ የእኔም ቪዛ ተመታ። ያሰበችው እንዲህ ነው፤ ቤት ያለው መኪና ትከራያለች፣ በዚያ በሚውጠው መርከብ ወደ ደሴቱ እንሻገራለን፣ ከዳር እስከ ዳር ከከተማ ከተማ እየዞርን መቃብሩን እንፈልጋለን። በታኅሣሥ፣ ከገና በፊት።

ለምን እንደ ሰው ማደሪያ ይዘን አናድርም? ብላት፣ «ጾም ነው አባ፣ አንቱ ደግሞ የማያውቁት ድስት አይቀምሱም። ምድጃችንን ይዘን ብንዞር ይሻላል» አለች።

ታውቀኛለች። ይህም አናደደኝ።


ረቡዕ፣ ኅዳር 4

የመኪናውን ምስል ልየው አልኩ። ማየት መሄድ አይደለም።

ያሳየችኝ መምህርት ሰላም ናት። ከግቢዬ አንዷን ክፍል የተከራየች፣ የደሃና ወረዳ ልጅ ናት። ስልኩ የሷ ነው፣ ትዕግሥቱም የሷ። እኔ ስልክ አልይዝም፤ የያዝኩ ጊዜ የሰማሁበት ወሬ ይበቃኛል።

እኔ አርባ ዓመት ቤት የሠራሁ ግንበኛ ነኝ። ሰቆጣ ውስጥ የካሳን ግንብ የማያውቅ ሰው ካለ ትናንት የመጣ ነው። ቤት ማለት መጀመሪያ መሠረቱ ነው። ይሄኛው ጎማ አለው። ውስጡ አልጋ አለ፣ ምድጃ አለ፣ ሽንት ቤት አለ። በምድጃውና በሽንት ቤቱ መካከል አንድ ክንድ የለም።

«ይሄን የሠራው ማነው?» አልኳት።

«ፈረንጅ ነዋ አባባ።»

«ግንበኛ አላማከረም።»

ሳቀች። «በቀን ሲሄዱ ወንበር፣ ሲመሽ አልጋ ይሆናል እኮ፣ ይዩት» አለች። አየሁት። ጠረጴዛውን ዝቅ ያደርጉታል፣ ፍራሽ ያነጥፉበታል፣ አልቋል። የበላሁበት ላይ ልተኛ ነው። አዝመራ ከሹፌሩ ራስ በላይ ባለችው ጉድጓድ ነው የምትተኛው፣ በመሰላል ወጥታ።

የምፈራውን ልጻፍ፤

መርከቡ።

መርከቡ ሲነቃነቅ መኪናው ከመኪና ቢላተም።

የአዝመራ መንዳት። (ሴት ስለሆነች አይደለም። ልጅ ሳለች አህያዬን ገደል የነዳችው እሷ ናት።)

አውሮፕላኑ። እሱ ይሻላል፣ ከወደቀም ቶሎ ነው።

ከዚህ እስከ ወልድያ ያለው መንገድ። አንድ ሳምንት ክፍት ነው፣ አንድ ሳምንት ዝግ።

መቃብሩን አለማግኘት።

መቃብሩን ማግኘት።

የምይዘው ደግሞ፤ በሶ፣ የገብስ ቆሎ፣ ሽሮ፣ በርበሬ፣ ጧፍ፣ ሁለት ጋቢ፣ መዶሻና መሮ። ድንጋዩ ላይ ስሙን የምቀርጸው እኔ ነኝ፣ ማንም አይነካብኝም። ከቤተ ክርስቲያናችን ግቢ አፈር ልይዝ አስቤ ነበር፤ መምህርቷ አፈር አያስገቡም አለች። አፈር ምን ያደርጋቸዋል? የራሳቸው የለም?

ይህን ሁሉ ጽፌ ሳየው የሚሄድ ሰው ዝርዝር ነው። እንግዲህ።

ከሰዓት አዝመራ ደወለች። አኩርፋ ይሆናል ብዬ ነበር፣ አላኮረፈችም። አንዲት የቤተ ክርስቲያናቸው ሴት ከየከተማው የመቃብር መዝገብ ያሰባሰበችው ዝርዝር አለ አለች። ብዙው ቁጥር ብቻ ነው። አንዳንዱ ግን ስም አለው፤ ከጀልባው የተረፉት የነገሩት።

«አባ፣ የአራጋው የክርስትና ስም ማን ነበር?»

ለምን? አልኳት።

እዚያ ሊቢያ መጋዘን ተዘግቶባቸው ሳሉ ልጆቹ የክርስትና ስማቸውን እርስ በርስ ይጠናኑ ነበር አለች። የተረፈው ለሞተው ፍትሐት እንዲያስደርግለት። የዓለም ስምን ቄስ አይጠራውማ። እናም መዝገቡ ላይ የተጻፈው ያ ስም ነው።

«እማ ነበረች የምታውቀው፣ እኔን ጠፋኝ» አለች።

መምህርቷ አጠገቤ ቆማለች፣ ትሰማለች። «ገብረ ሚካኤል» አልኩ። ወዲያው። አላመነታሁም።


ሐሙስ፣ ኅዳር 5

ተገኘ።

ገና ጠዋት ስልኩ ጮኸ። አዝመራ መናገር አቃታት። ለቅሶዋን እስክትጨርስ ጠበቅሁ፤ መምህርቷም ከእሷ ጋር ታለቅሳለች። ገብረ ሚካኤል የሚባል አንድ አለ። ከደሴቱ በምዕራብ በኩል፣ መጨረሻው ዳር ላይ ያለ ከተማ፣ ከመቃብሩ ግድግዳ ሥር። ወሩም ይገጥማል አለች።

«አባ፣ አገኘነው እኮ!»

እንግዲህ ዕቅዱ ተለወጠ። መዞር የለም። ከመርከቡ ወርደን ባሕሩን በቀኝ ይዘን በቀጥታ ወደ ምዕራብ። የመጀመሪያው ቀን ከአንዲት የዓሣ አጥማጆች ከተማ እናድራለን፣ መኪና ቤቶች የሚቆሙበት ሜዳ አለ፣ ውሃና መብራት ያለው። በሁለተኛው ተራራ አለ፣ ቀስ እንላለን። በሦስተኛው እንደርሳለን። ቄስ ከሌላ ከተማ ታመጣለች። ሁሉን አዘጋጅታዋለች፤ እኔ «እሺ፣ እሺ» እላለሁ።

ምሳ አልበላሁም።

እውነቱ ይኸውና። የልጄን የክርስትና ስም አላውቀውም።

ክርስትና ሲነሣ አልነበርኩም። ሑመራ ሰሊጥ አጨዳ ላይ ነበርኩ። ስመለስ ሚስቴ የሺ ነገረችኝ፣ ሰማሁ፣ ረሳሁ። ቤት ውስጥ በዚያ ስም የሚጠራ የለም። አራጋው ብዬ ስሙን ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ ያ በቃኝ። በሚካኤል ሰሞን መወለዱ ትዝ ስላለኝ፣ ገብረ ሚካኤል ሳይሆን አይቀርም ብዬ ነው። አላውቅም ማለት ለአፌ ከበደው። በዚያች ወጣት ፊት አባት የልጁን ስም አያውቅም ሊባል።

ግምት ነው። አርባ ዓመት ሙሉ ለረዳቶቼ «ድንጋይ በግምት አይጠረብም» እያልኩ ስጮህ ኖሬ።

አሁን ገብረ ሚካኤል የሚባል የሰው ልጅ አግኝተናል። እናቱ የት ናት? አዲግራት? ጎንደር? እኔ መጥቼ በላዩ አራጋው ብዬ ልቀርጽበት ነው። የእኔ ደግሞ ሌላ ቦታ ተኝቶ ሲጠብቅ።

ምናልባት ግን እሱ ቢሆንስ? ምናልባት ልክ ገምቼ ከሆነስ?

ጽሑፌ ከትናንቱ ባሰበት።


ዓርብ፣ ኅዳር 6

የየሺን ሳጥን አገላበጥኩ። ምንም የለም። የሺ መጻፍ አትችልም ነበር፣ ምን ላገኝ ነው? ያጠመቁት ቄስ አርፈዋል። ያኔ የሚመዘግብ አልነበረም።

የቀረ አንድ ሰው ነው። የክርስትና አባቱ በሪሁን። አበልጄ።

ስለ እሱ መጻፍ አልፈልግም። ልጻፍ ግን።

የአራጋው ወሬ የመጣ ቀን ሰፈሩ ተሰበሰበ። በእኛ አገር ሬሳው ካልተገኘ የሟቹን ልብስ መደብ ላይ ዘርግተው ያለቅሱበታል። በሪሁን የአራጋውን ጃኬት ከግድግዳው አውርዶ መደቡ ላይ ዘረጋው። እጅጌውን ሳይቀር አስተካከለው፣ እንደተኛ ሰው። አንሥቼ ፊቱ ላይ ወረወርኩበት። ሬሳ ሳይታይ በቤቴ አይለቀስም፣ ውጣ አልኩት። በሰው ሁሉ ፊት፤ የልጄን ሞት የተመኘኸው አንተ ነህ አልኩት። ወጣ። ሰዉም ተከትሎት ወጣ። ብዙም ሳይቆይ ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ትውልድ ቀዬው፣ ከሰቆጣ ቁልቁል ወዳለው ዝቋላ ቆላ ወረደ። ስምንት ዓመት አልተያየንም።

የሺ ድምፅ አውጥታ ሳታለቅስ በሁለተኛው ዓመት ሞተች። ታልቅስ ብዬ ፈቅጄ ቢሆን ትኖር ነበር የሚሉ አሉ። ይበሉ።

ስልክ ለበሪሁን አይደርስም፣ ኔትዎርክ የለም። መልእክት ልላክለት አልኩ፤ ምን ብዬ? «የልጄን ስም ንገረኝ» ተብሎ በሰው አፍ ይላካል?

ነገ እወርዳለሁ። ለመምህርቷ ፍየል ልገዛ ነው አልኳት። «በጾም ዋዜማ?» አለች። ይህች ልጅ አትታለልም።


ቅዳሜ፣ ኅዳር 7

ይህን የምጽፈው በበሪሁን ቀዬ፣ ከአንድ የማላውቀው ገበሬ ቤት ነው። በሪሁን ዘንድ ገና አልሄድኩም። እግሬ እምቢ አለኝ።

ጠዋት ከሰቆጣ በአይሱዙ ጀርባ ወረድኩ፣ በማሽላ ከረጢት ላይ። ሙቀቱ እየጨመረ፣ ተራራው እያነሰ ሄደ። ከዚያ ያላሰብኩት ነገር ገጠመኝ። ድሮ በእግራችን የምንሻገረው ሸለቆ የለም። የተከዜ ግድብ ውሃ ሞልቶታል። ሰምቼ ነበር፣ ግን ሰው ሲያወራ ያጋንናል ብዬ ነበር። በእግር ዞሬ ልሂድ ብል ሁለት ቀን ነው አሉኝ። ዓሣ የሚያሰግሩት ልጆች ጀልባ አላቸው፣ ሰው ያሻግራሉ።

ጀልባ።

ዳር ላይ ብዙ ቆምኩ። ሰው እየተሳፈረ ያየኛል። አንዲት ማሽላ የጫነች ሴት፣ ሁለት ሽማግሌዎች፣ አራት ፍየሎች። መቼም ከፍየል አላንስም ብዬ ገባሁ።

ሲነሣ ሳንቃውን በሁለት እጄ ያዝኩት። ውሃው ጥቁር ነው። ከሥሩ የድሮው መንገድ አለ፣ ዛፉ አለ፣ ምናልባት የሰው ቤት መሠረትም አለ። ዓይኔን ጨፈንኩ። አራጋው እንዲህ ይዞ ይሆን? ምን ይዞ ይሆን? የሚያዝ ነገር ነበረው?

«አያ፣ ይልቀቁት ሳንቃውን፣ አይሮጥም» አለ ጀልባ ነጂው።

ሴትዮዋ ደግሞ፣ «ፍየሎቹ እንኳ ያመሰኳሉ፣ አንቱ ምን ሆነው ነው?» አለችኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ።

«ፍየል ምን ያውቃል፣ ልጁን ውሃ አልበላበት» አልኩ።

ማንም አልሳቀም ከዚያ ወዲያ። ሴትዮዋ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። እኔም ገርሞኛል። ይህን ቃል ከአፌ ሳወጣ የመጀመሪያዬ ነው፤ ያውም በማላውቀው ሰው ፊት።

አቡነ ዘበሰማያትን አሥራ አራት ጊዜ ደግሜ ደረስን። ሃያ ደቂቃ ይሁን አይሁን አላውቅም። ስወርድ ያችው ሴት ክንዴን ያዘችኝ። ልቀቂኝ አላልኳትም።


እሑድ፣ ኅዳር 8

ከቅዳሴ በኋላ ደጁ ቆምኩ። በሪሁን አርጅቷል። ጥርሱ አልቋል። ትክ ብሎ አየኝና፣

«ግንቡ ተነሥቶ መጣ!» አለ። ለሚስቱ በአገውኛ የሆነ ነገር ጮኸባት፣ ውሃ አምጪ ማለቱ ነው፣ እግሬን አሳጠበኝ። ጠላ ቀረበ። ስለ ማሽላው አወራን፣ ዘንድሮ ይሻላል አለ። ስለ ዝንጀሮ አወራን። ስለ ጉልበታችን አወራን። ፀሐይዋ ከዚህ ጥግ እስከዚያ ጥግ ሄደች፣ እኔ ስለ ዝንጀሮ እጠይቃለሁ።

በመጨረሻ እሱው ሰለቸው። «ካሳ፣ በዚህ ዕድሜህ በጀልባ ተሻግረህ የመጣኸው ስለ ዝንጀሮ ልትሰማ ነው?»

ይቅርታ ማለት አልችልበትም። «የልጄን የክርስትና ስም ረሳሁት» አልኩት።

ይስቅብኛል ብዬ ነበር። አልሳቀም።

«ወልደ ሰንበት» አለ።

ወዲያው አለው። እንደ ራሱ ስም። እንዴት አልረሳኸውም? አልኩት።

«በየዓመቱ አስጠራዋለሁ እኮ። አርባውንም እዚሁ አውጥቻለሁ። አንተ በቤትህ ከለከልክ እንጂ በእኔ ቤት ማን ይከለክለኛል? የሺም ታውቅ ነበር። እህል በሰው ትልክ ነበር፣ ለተዝካሩ።»

የሺ ትልክ ነበር! እኔ ጎተራውን አይጥ ፈጀው እያልኩ ወጥመድ አጠምዳለሁ።

ስለ ገብረ ሚካኤል ነገርኩት። ራሱን ያዘ። «ሚካኤልን ምን አድርግ ብለህ ነው እዚህ ውስጥ የከተትከው?» አለ። ከዚያ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ፣ ሚስቱ አበዱ ብላ አየችን።

ሌላም ነገርኩት። ለማንም ያልነገርኩትን። አራጋው መሄድና መቅረት ሲያመነታ «እህትህ ሴት ሆና ወጥታለች፣ አንተ ምድጃ ሥር ቁጭ በል» ያልኩት እኔ እንደሆንኩ። በሦስተኛው ቀን ሄደ።

«አውቃለሁ» አለ በሪሁን። «ሊሰናበተኝ መጥቶ ነበር።»

ምን አለ?

«‹አባቴ ሰድቦ ሰድቦ ሲያበቃ ቦርሳዬን በሶ ሞልቶ መሸከም አቃተኝ› ብሎ ሳቀ። ግማሹን ያኔ ሰቆጣ ቤቴ ቀንሶ ሄደ። በላነው።»

በሶውን ረስቼው ነበር።

«እንግዲህ አሁን እናልቅስለት» አለኝ። መቃብሩን ሳላይ አይሆንም አልኩት።

«ያው ነህ» አለ። አልተቆጣም።


ማክሰኞ፣ ኅዳር 10

ትናንት ተመለስኩ። በጀልባው ስሻገር ዓይኔን አልጨፈንኩም፣ ግን ውሃውን አላየሁትም፣ የፍየል ቀንድ ሳይ ነበር።

ዛሬ ለአዝመራ ነገርኳት። መምህርቷን ውጪልኝ አላልኳትም፤ እንድትሰማ ፈልጌ ነው፣ ያኔም የዋሸሁት በእሷ ፊት ነበር።

ሁሉን አልኳት። ሑመራን፣ ግምቱን፣ በሪሁንን፣ ወልደ ሰንበትን። ምድጃ ሥር ቁጭ በል ያልኩትንም አልኳት፣ ከተጀመረ አይቀር።

ተቋረጠ ብዬ ሃሎ፣ ሃሎ አልኩ።

«አለሁ» አለች። «ቄሱን ለምኜ፣ ለማኅበርተኞቼ ሁሉ አገኘሁት ብዬ፣ እዚያ ሆነን የምንለውን ሁሉ ሌት ተቀን ሳስብ... ለምን ዋሹኝ አባ? አላውቅም ቢሉኝ ምን አለ?»

መልሴን አልጠበቀችም።

ዘጋችው።


ረቡዕ፣ ኅዳር 11

አልደወለችም።

መምህርቷ ደወለችላት፣ አታነሣም። «ልጆች ይናደዳሉ አባባ፣ ደግሞ ይመለሳሉ» አለችኝ።

አራጋው አልተመለሰም አልኳት። ደነገጠች። ክፉ ነገር ተናገርኩ፣ ልጅቷ ምን አጠፋች።

ሻንጣው አልጋው ሥር ነው። ከፈትኩት፣ ዘጋሁት። እንደማልሄድ ስምል የነበርኩት ሰውዬ አሁን እንዳትቀሪብኝ እያልኩ ነው። በዚያ በሚውጠው መርከብ አፍ ፊት ቆሜ ብሆን እወዳለሁ። ከዚህ ዝምታ እሱ ይሻላል።

አንድ ልጅ በአፌ አስወጣሁ። ሁለተኛዋንም ይሆን?


ሐሙስ፣ ኅዳር 12

ሚካኤል ነው። ከተማው ሁሉ ነጭ ለብሶ ወጥቷል። ሄድኩ፣ ግን ከቅጥሩ አልገባሁም። የምሥራቁን ግንብ የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ከውጭ ተደግፌው ቆምኩ። ስሙን ለውሸት የጠራሁትን መልአክ ደጁን ረግጬ ምን እለዋለሁ?

ስለዚያ ልጅ አሰብኩ፣ ስለ ገብረ ሚካኤል። ዛሬ ስሙ የሚነሣበት ቀን ነው፣ እናቱ ካለች ዝክር ታወጣለች። የት እንደተኛ አታውቅም። እኔ አውቃለሁ። የግድግዳውን ጥግ ሳይቀር ነግረውኛል።

አዝመራ አልደወለችም።


ዓርብ፣ ኅዳር 13

ደወለች! መምህርቷ ከትምህርት ቤት ሮጣ መጣች፣ የዕረፍት ሰዓቷን ትታ፣ ጠመኔው እጇ ላይ ነው።

አዝመራ አልሳቀችም፣ አላለቀሰችም። ሥራ እንደምታዝ ሴት ነው የተናገረችው። ወልደ ሰንበት የሚባል ዝርዝሩ ላይ የለም። ሦስት ጊዜ አስፈልጋለች። ስለዚህ አራጋው ከቁጥሮቹ አንዱ ነው። የዚያ ወር ሙታን የተቀበሩት አምስት ከተማ ውስጥ ነው፣ አምስቱንም እንዞራለን። በሦስት ቀን የሚያልቀው አሥር ቀን ይሆናል። መኪናውን ለአሥር ቀን አስቀይራለች፤ ትልቁን ነው የሰጧት፣ ሽንት ቤቱ በር አለው።

ሌላም ነገር አለ። ሐኪሞች ከአፍ ውስጥ ምራቅ በጥጥ ጠርገው ይወስዳሉ፣ ዘመድ መሆኑን ለማወቅ ከተቀበሩት አጥንት ጋር ያስተያዩታል። የእህት ይሆናል፣ የአባት ሲጨመርበት ግን ይጠነክራል ብለዋታል። ወራት ይፈጃል። ላይሆንም ይችላል። ስሙ ተገኘ ብላ ትታው ነበር።

«ስለዚህ መምጣትዎ ግድ ነው» አለች። «ባይፈልጉም።»

መቼ አልፈልግም አልኩ?

«በፊት ብለዋል።»

ብያለሁ አልኳት።

«መጀመሪያ ወዴት እንንዳ?» አለችኝ። ደሴቱን እንደማውቀው ሰው መንገድ ትጠይቀኛለች።

ገብረ ሚካኤል ዘንድ አልኳት።

«የእኛ አይደለም እኮ አባ።»

አውቃለሁ። ግን ማንም ሰው ሳያየው ስምንት ዓመት ተኝቷል፣ እኔም ሳላውቀው ጠራሁት። ጠርቶ መቅረት ነውር ነው። ቄሱን ወደዚያ አምጪው፣ እንደተባባልነው። ፍትሐቱን በራሱ ስም ያድርጉለት። ለወልደ ሰንበት ደግሞ በየደረስንበት።

«እሺ» አለች። ድምፅዋ ትንሽ ላላ።

መንገዱ ሰኞ ክፍት ነው ይላሉ፤ ማክሰኞን ማንም አያውቅም። ስለዚህ ሰኞ እነሣለሁ፣ አዲስ አበባ ሆኜ የአውሮፕላኑን ቀን እጠብቃለሁ። መምህርቷ ቤቱን ትጠብቃለች።

ከመዝጋቷ በፊት አንድ ነገር አልኳት። ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም። አዝመራ፣ መርከቡን በጣም እፈራዋለሁ አልኳት።

ትቀልድብኛለች ብዬ ጠበቅሁ።

«እኔም አባ» አለች። «ዳሩ ላይ ሄጄ አይቼው ነበር፣ ለመለማመድ ብዬ። መኪናው ውስጥ ሆኜ እግሬ ፍሬኑን አለቅ አለኝ። ከኋላዬ ያሉት ጡሩንባ ነፉብኝ።»

እሷም ጣሊያን የተሻገረችው ወንድሟን በበላው በዚያው ባሕር ነው። እንዴት እንደነበር አንድም ቀን ጠይቄያት አላውቅም።